ኳሱን ተዉለት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ክሪኬት ነው። አትሽሹ። እኔም እንግሊዝ አገር በገባሁበት ሰሞን ነጭ በነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ተበትነው ቆመው በቴሌቪዥን ሳይ፣ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ቻናል እቀይር ነበር። አንድ ግጥሚያ አምስት ቀን? መሃል ላይ ለምሳ፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሻይ ማቋረጥ? ኳስ ማለት ዘጠና ደቂቃ ነው ብሎ ላደገ ሰው የሚዋጥ ነገር አልነበረም።

አሁን ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ ክሪኬት ይጫወታል። ከዚያም አልፎ ስፒነር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጣጣ የመጣውም ከዚህ ነው።

ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ይመታል። ከምቱ የሚገኘው ውጤት ራን ይባላል። መቺው ሲሸነፍና ሲወጣ ወርዋሪው ዊኬት አገኘ ይባላል። ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ነው። ብዙዎቹ ወርዋሪዎች መሣሪያቸው ፍጥነት ነው። ስፒነር ግን ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ኳሷን በጣቱ ወይም በእጁ አንጓ ያሾራትና መሬት ነክታ ስትነሳ አቅጣጫዋን ትቀይራለች። ልጄ በአንጓቸው ከሚያሾሩት ነው፤ ከባዱ ዓይነት። መጀመሪያ ሲያሳየኝ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት፣ እንዝርቷን በጣቶቿ ስታሾር። ጥጥ መፍተል የሚማር ሰው ክር ሲበጥስ ነው የሚውለው። ስፒን የሚማር ልጅም ሲመታ ነው የሚውለው። ይህን ግን ያኔ አላሰብኩትም።

ባለፈው ሰኔ ክለቡ ከአዋቂዎች ጋር አሰለፈው። ሁለት ኦቨር ወረወረ፤ 27 ራን ተመታ። አንዷ ኳስ አጥሩን ዘላ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገባች። ካፒቴኑ ኳሷን ተቀብሎ ልጁን ሜዳው ዳር ላከው፤ እስከ ማታ እዚያው ቆመ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ያልኩትን ዛሬ ሳስታውሰው አፍራለሁ፦ «ቁመት አለህ፤ ለምን እንደ ሌሎቹ በፍጥነት አትወረውርም?» አልመለሰልኝም። በመስኮት ያይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ነገሩ የተሻሻለ መሰለኝ። መመታቱ ቀነሰ። አሠልጣኙም «ጎበዝ፣ ተጠንቅቀሃል» አለው። እኔም ደስ አለኝ። አውቶቡስ መጋዘኑ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ሙልታን የተወለደ ሰው አለ። አንድ ቅዳሜ ሊያየው መጣና ሦስት ኦቨር ዝም ብሎ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ወንድሜ፣ የዚህን ልጅ ስፒን ማን ወሰደው?» አለኝ።

አልገባኝም ነበርና አስረዳኝ። ስፒነር መመታት ሲፈራ ኳሷን ከፍ አድርጎ መልቀቁን ይተዋል። ዝቅ አድርጎ፣ ፈጠን አድርጎ፣ ቀጥ አድርጎ ይወረውራል። እንዲህ ያለችውን ኳስ መቺው ብዙ አይመታትም፤ ግን አትሾርም፣ ማንንም አታወጣም። ልጄ የተማረው መትረፍን ነበር። አስተማሪዎቹም ካፒቴኑና እኔ ነን።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝ ለቴስት፣ ማለትም ለአምስት ቀኑ የአገሮች ግጥሚያ፣ ስፒነር ማፍራት ለምን እንዳቃታት ብዙ ሰው ሲያማርር ሰምቻለሁ። የተለመደው መልስ «አየሩ ነው» የሚል ነው፤ ሕንድና ስሪላንካ ደረቅ መሬት አላቸው፣ እዚህ ዝናብ ነው ይላሉ። እውነት አለበት። ግን አውስትራሊያም የፈጣኖች አገር ናት፤ ያም ሆኖ ናታን ላየንን አፍርታለች። ላየን በአደሌድ ኦቫል ሜዳ ሣር የሚንከባከብ ሠራተኛ ነበር። በ2011 ጎል ላይ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት በመጀመሪያዋ ኳሱ ታላቁን ሳንጋካራን አስወጣ። ዛሬ ከ500 በላይ ዊኬት አለው።

ሼን ዋርንን ደግሞ ተመልከቱ። ጥር 1992 ሲድኒ ላይ በሕንድ ላይ ሲጀምር 150 ራን ተመትቶ አንድ ዊኬት ብቻ አገኘ። በሚቀጥለው 78 ተመታ፤ ምንም አላገኘም። ነሐሴ ላይ ኮሎምቦ ሄደ፤ በመጀመሪያው ዙር 107 ተመታ፤ አሁንም ባዶ እጁን። በድምሩ 335 ራን ተመትቶ አንድ ዊኬት ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለእኛ ክለብ ካፒቴን ብታሳዩት ምን እንደሚል አውቃለሁ። በዚያው ግጥሚያ ማብቂያ ስሪላንካ ለማሸነፍ ጥቂት ስትቃረብ የአውስትራሊያው ካፒቴን አለን ቦርደር ኳሷን ለዚሁ ልጅ ሰጠ። ዋርን የመጨረሻዎቹን ሦስት ዊኬቶች አንድም ራን ሳይሰጥ ወሰደ፤ አውስትራሊያ በ16 ራን አሸነፈች። ሲጨርስ 708 ዊኬት ነበረው። ቦርደር በዚያ ሰዓት ምን እንዳየ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውየው በጨዋታ ዘመኑ ጥርሱን የነከሰ፣ ሽንፈት የሚያንገበግበው ካፒቴን መሆኑ ነው። ገር ስለሆነ አልሰጠውም።

በሌላ በኩል ሳይመን ኬሪጋን አለ። በ2013 ኦቫል ላይ በአውስትራሊያ ላይ ለእንግሊዝ ተሰለፈ። 8 ኦቨር፣ 53 ራን፣ ዊኬት የለም። ከዚያ በኋላ ለእንግሊዝ ቴስት ተጫውቶ አያውቅም። ስምንት ኦቨር ማለት አርባ ስምንት ኳስ ነው። በአርባ ስምንት ኳስ አንድን ሰው ጨርሶ ማወቅ ይቻላል?

ነገሩን ወደ ሹመትና ሽረት የምትተረጉሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የዛሬው ስለ ክሪኬት ብቻ ነው።

ችግሩ ግን ኬሪጋን ኦቫል ከመድረሱ በፊት ነው የሚጀምረው። የክፍለ አገር ክለቦች ረጅሙን የአራት ቀን ሊግ ሚያዝያ ላይ ይጀምሩና መስከረም ላይ ይጨርሳሉ። መሬቱ ደረቅ ብሎ ኳስ የሚያሾረው ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን፣ ያ ጊዜ በአብዛኛው ለአጫጭሮቹና ለገንዘብ አምጪዎቹ ውድድሮች ይሰጣል። ስለዚህ ወጣቱ ስፒነር ብርድ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ ፈጣኖቹን ያያል። ባለሥልጣኖቹም ጠፍቷቸው አይደለም። በ2016 ሳንቲም የመጣል ግዴታን አነሱና እንግዳው ካፒቴን ከፈለገ ቀድሞ እንዲወረውር ፈቀዱለት፤ ባለሜዳው ሣር የበዛበት መሬት አዘጋጅቶ ለፈጣኖቹ እንዳያደላ ነው። ሶመርሴት ቶንተን ላይ ደረቅ መሬት አዘጋጀ፤ ጃክ ሊችና ዶም ቤስ ወጡለት። በ2019 ግን ይኸው ክለብ ከኤሴክስ ጋር ለዋንጫ የተጫወተበት ሜዳ ከልክ በላይ ለስፒን አደላ ተባለና ከሊጉ ነጥብ ተቀነሰበት። የሳንቲሙ ደንብም ብዙ ሳይቆይ ተሻረ።

ውጤቱ የሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። ሾይብ ባሽር በ2024 ቪሳው ዘግይቶበት ሕንድ ሲደርስ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚህ ደረጃ የተጫወተው ስድስት ግጥሚያ ብቻ ነው። ሥራውን ቴስት ላይ፣ በዓለም ፊት ተማረ። ክለቡ ውስጥ ግን ሊች ስላለ ቦታ አጥቶ፣ ያንኑ ዓመት ለሌላ ክለብ በውሰት ተሰጠ። እንግሊዝን እየወከለ ክለቡ ውስጥ ተጠባባቂ! እንዲያም ሆኖ ሐምሌ 2025 ሎርድስ ላይ የግራ እጁ ጣት ተሰብሮ፣ ጣቱን አሽጎ የመጨረሻዋን ዊኬት ያገኘው እሱ ነው።

እውነት ለመናገር አሁን ከላይ ያሉት ገብቷቸዋል። በዚያው የ2024 ጉዞ ሃይደራባድ ላይ ቶም ሃርትሊ የመጀመሪያ ቴስቱን ሲጫወት የመጀመሪያዋ ኳሱ አየር ላይ ተመትታ ከሜዳ ወጣች። በመጀመሪያው ዙር 131 ራን ተመታ። ካፒቴኑ ቤን ስቶክስ ግን ኳሷን አልነጠቀውም። በሁለተኛው ዙር ሃርትሊ በ62 ራን ሰባት ዊኬት ወሰደ፤ እንግሊዝ በ28 ራን አሸነፈች። የእኔ ጥያቄ ለምን ስቶክስ ጋ እስኪደርሱ ይጠበቃል የሚል ነው። የቅዳሜ ካፒቴን የነጠቀውን ማን ይመልሰዋል?

ነሐሴ ላይ ይህንኑ ይዤ የክለባችንን ካፒቴን አነጋገርኩት። ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ቁጥሮቹን ሁሉ ይዣለሁ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ጠጪና ሳቂታ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አዳመጠኝና «ከተሸነፍን ከዲቪዚዮናችን እንወርዳለን፤ ሌሎቹ አሥሩ ልጆችም አባት አላቸው» አለኝ። ምን እላለሁ? እውነቱን ነው። ከዚያ ጨመረና፣ «ደግሞ አንተ ዳር ላይ ቆመህ በተመታ ቁጥር ራስህን ትይዛለህ። ልጁ እኔን አያይም፣ አንተን ነው የሚያየው» አለኝ።

ይህን አላውቅም ነበር።

መስከረም ውስጥ፣ በመጨረሻው ግጥሚያ፣ ካፒቴኑ ኳሷን ሰጠው። እኔ እጆቼን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። በመጀመሪያው ኦቨር 14 ተመታ። ካፒቴኑ አንዴ ወደ እኔ አየ፤ አንገቴን አላነቃነቅኩም። ተወለት። ልጄ ስድስት ኦቨር ወረወረ፤ 44 ራን ተመትቶ አንድ ዊኬት አገኘ፤ እሷም በመጥፎ ኳስ፣ መቺው ቸኩሎ ለሰው እጅ አቀበላት። ግጥሚያውን ተሸነፍን፤ ከዲቪዚዮናችን ግን ለጥቂት ተረፍን።

መኪና ውስጥ ስለ ዊኬቷ እንኳን ደስ አለህ ልለው ስል አቋረጠኝ። «እሷን ተዋት አባዬ። አራተኛው ኦቨር ላይ አምስተኛዋን አየሃት? ውጪ መሬት ነካች፣ ወደ ውስጥ ታጠፈች፣ ባቱንም እንጨቱንም አለፈች። ማንንም አልነካችም።»

አይቻታለሁ አልኩት። እስከ ቤት ድረስ ስለሷ አወራልኝ።