ከአሮጌው ኮምፒዩተር ተርጓሚ ጋራ ያሳለፍሁት ክረምት

በዚህ ዘመን ስለ ኮምፒዩተር የሚጽፍ ተማሪ ሁሉ ስለ አዲሱና ስለ ፈጣኑ መጻፍ ይወዳል። እኔ ግን የምጽፈው ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ በእጥፍ ስለሚበልጥ፣ ዐቅሙም በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ ጋራ ሊወዳደር ስለማይችል አንድ ትንሽ የቤት ኮምፒዩተር ነው። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም የዕቃው ብርቅነት አይደለም፤ ያለፈውን ክረምት ከእርሱ ጋራ ሳሳልፍ የፕሮግራም ተርጓሚ ምን እንደሚሠራ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በእጄ ሠርቼ ስለ ተማርሁ ነው።

ኮምፒዩተሩ ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ይባላል። ሲንክሌር የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ለገበያ አቀረበው። መጠኑ ከአንድ ደብተር እምብዛም አይበልጥም፤ ቁልፎቹ ከጎማ የተሠሩ ናቸው። የራሱ ገጽ ስለሌለው ከቴሌቪዥን ጋራ ይያያዛል፤ ፕሮግራሙንም የሚያነበው ከካሴት ነው። ዜድ 80 የተባለው ልቡ በሰከንድ 3.5 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ለተጠቃሚው የተሰጠው ማስታወሻ 48 ኪሎ ባይት ነው፤ ይኸውም 49,152 ባይት ሲሆን ከዚህ ውስጥ 6,912ቱን የቴሌቪዥኑ ሥዕል ይወስደዋል።

አጎቴ በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር በሄዱ ጊዜ ከቀለብ ገንዘባቸው ቈጥበው ገዙት፤ ሲመለሱም ከጥቂት ካሴቶችና ከመምሪያ መጽሐፎቹ ጋራ ይዘውት መጡ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በጨርቅ ተጠቅልሎ በእኛ ቤት ቁም ሣጥን ራስ ላይ ኖረ። ባለፈው ሰኔ ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ አባቴ ቤቱን ሲያስተካክሉ አገኙትና ለቆራሌው ሊሰጡት አወጡት። እኔም እንዲቀር ለመንሁ። አባቴም «ልጄ፤ ለጨዋታ ከሆነ ስልክ አለህ። ይህ ግን ቦታ ይዟል። እስከ መስከረም ለዚህ ቤት አንድ ጥቅም ካሳየኝ ይቀመጣል፤ ካላሳየኝ ቆራሌው ይወስደዋል» ብለው ቈረጡ።

የቤታችንን ጥቅም ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ታናሽ እኅቴ በመስከረም አንደኛ ክፍል ልትገባ ነበር። ነገር ግን ታማ ለብዙ ወራት ከመዋዕለ ሕፃናት ስለ ቀረች፣ ፊደልን በዜማ ታነበንበዋለች እንጂ ለይታ አታውቀውም። ከ«ሀ» ብትጀምር እስከ «ሆ» ሳታቋርጥ ትወርደዋለች፤ «ሂ»ን ብቻ ነጥለው ሲያሳዩአት ግን ዝም ትላለች። እናቴም ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ትቀራለች ብለው ይጨነቁ ነበር። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «እኛን የኔታ በስንደዶ እየጠቈሙ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከመካከል ነበር የሚጠይቁን፤ በዜማ ብቻ የያዘው ወዲያው ይታወቅ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ሐሳቤን አገኘሁ። ኮምፒዩተሩ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ቅደም ተከተሉን አዛብቶ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ በትልቁ እየጻፈ እኅቴን ይጠይቃት አልሁ።

ነገሩ እንደ ማሰቡ ቀላል አልነበረም። ስፔክትረም የሚያውቀው የላቲንን ፊደል ነው። ባለቤቱ እንደ ፈቀደ እንዲቀርጻቸው የተተዉለት ምልክቶች 21 ብቻ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33 ሆኖ እያንዳንዱ እስከ 7 ይዘልቃል፤ ጠቅላላው 231 ነው። እንግዲህ በ21ዱ ስፍራ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከነቤተ ሰባቸው ይገቡና መ ደጅ ይቀራል ማለት ነው።

ስለዚህ የራሴን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ነበረብኝ። እያንዳንዱን ፊደል በካሬ ወረቀት ላይ 8 በ8 በሆነ ስፍራ ውስጥ ሣልሁት። በአንድ መሥመር ያሉት ስምንት ካሬዎች ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 የሚል ዋጋ ይሰጣቸዋል፤ የጠቈሩት ካሬዎች ዋጋ ሲደመር መሥመሩ በአንድ ቍጥር ይጻፋል። ለምሳሌ የ«በ» ጣራ 126 ነው፤ ሁለቱ እግሮቹ በየመሥመሩ 66 ናቸው። ከመካከል ያለው 66 ወደ 67 ሲለወጥ «በ» ተለውጦ «ቡ» ይሆናል፤ ይኸው 67 ወደ እግሩ ግርጌ ሲወርድ ደግሞ «ቢ» ይሆናል። አባቶቻችን ለፊደሉ የቀጠሉለት ያች ትንሽ ቅጥያ በቍጥር ስትታይ አንድን መደመር ብቻ መሆኗን ባየሁ ጊዜ እጅግ ተደነቅሁ። ለ231 ፊደል ስምንት ስምንት ቍጥር ሲሰጠው 1,848 ቍጥር ይሆናል። በዚህ ሥራ የሐምሌ ወር ግማሽ አለቀ።

አሁን ወደ ተርጓሚው ልምጣ። ስፔክትረም እንደ ተከፈተ ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ይቀበላል። ዜድ 80 ራሱ ግን ቤዚክን አያውቅም፤ የሚያውቀው በቍጥር የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው አስተርጓሚ ይቆማል። ይህም ከባዕድ እንግዳ አጠገብ ቆሞ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር እንደ ሰማ ወዲያው የሚመልስ ሰው ይመስላል። እንግዳው ያንኑ ቃል ሺህ ጊዜ ቢደግመው እርሱም ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይመልሰዋል። ኮምፓይለር የሚባለው ተርጓሚ ግን መጽሐፍ እንደሚተረጕም ሊቅ ነው። መላውን ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቦ አንድ ጊዜ ወደ መኪናው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ በንባቡ ጊዜ በመካከል የሚቆም ሰው አያስፈልግም።

ይህ ሐሳብ ከቤት ኮምፒዩተሮች ይቀድማል። በአሜሪካ አገር ግሬስ ሆፐር የተባሉት የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1952 ኤ-0 የተባለውን፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን ኮምፓይለር ሠሩ፤ በዚያ ዘመን አንድ ኮምፒዩተር አንድ ክፍል ይሞላ ነበር። በስዊስ አገር ደግሞ ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርት እ.ኤ.አ. በ1970 ፓስካል የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ስሙንም በ17ኛው ምእት ዓመት የመደመሪያ መኪና ከሠራው ከፈረንሳዊው ከብሌዝ ፓስካል ወሰዱት። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. መባቻ ላይ ዐርፈዋል። ከአጎቴ ካሴቶችም አንዱ ለስፔክትረም የተዘጋጀ ሃይሶፍት ፓስካል የተባለ ኮምፓይለር ነበር።

የሁለቱን ልዩነት ለመመዘን አስቀድሜ አንድ የሒሳብ ሥራ ሰጠኋቸው። ይኸውም ከ1 እስከ 5,000 ያሉትን ብቸኛ ቍጥሮች፣ ማለት ከ1ና ከራሳቸው በቀር ሌላ የማያካፍላቸውን፣ እንዲቈጥሩ ነው። መልሱ በሁለቱም ዘንድ 669 ሆነ። ነገር ግን በቤዚክ ደቂቃዎች ስጠብቅ፣ በፓስካል የተተረጐመው በጥቂት ሰከንድ ጨረሰ። መኪናው ያው መኪና ነው፤ የተለወጠው የትርጕሙ አኳኋን ብቻ ነው።

በፊደሉም ላይ እንዲሁ ሆነ። የስፔክትረም ገጽ 32 በ24 ሆኖ በ768 የቀለም ካሬዎች የተከፈለ ነውና፣ ፊደሉን ለማጕላት እያንዳንዷን ነጥብ በአንድ ካሬ ቀለም ተካኋት። በቤዚክ ሲሠራ ፊደሉ ካሬ በካሬ እየተንጠባጠበ ይወጣ ነበር፤ እኅቴም ፊደሉ ተጽፎ ሳያልቅ ፊቷን ታዞራለች። ከዚህም በላይ ቤዚክ በፕሮግራሙ ውስጥ ለተጻፈ ለእያንዳንዱ ቍጥር ከሚታየው አኃዝ ሌላ 6 ባይት በስውር ይይዛል። ለ1,848 ቍጥር ይህ ስውር ግብር ብቻ 11,088 ባይት ነው። በፓስካል ግን ለአንድ ቍጥር አንድ ባይት ስለ በቃው ሠንጠረዡ በ1,848 ባይት ተቀመጠ፤ ፊደሉም ቁልፍ እንደ ተነካ ሙሉውን ብቅ አለ።

የኮምፓይለሩ አሠራር እንዲህ ነው። ካሴቱን ከፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጩኸቱን መታገሥ ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩ ከነጽሑፍ ማዘጋጃው ከገባ በኋላ ፕሮግራሙ እየተቈጠረ መሥመር በመሥመር ይጻፋል። ከዚያም «ሲ» የተባለው ትእዛዝ ሲሰጥ ትርጕሙ ይጀመራል። ሕግ የጣሰ ነገር ካገኘ ቆም ብሎ ቦታውን በቀስት ያመለክትና የስሕተቱን ቍጥር ይናገራል፤ ምክንያቱን ከመምሪያው ውስጥ መፈለግ የጸሐፊው ፈንታ ነው። ይህ ተርጓሚ አይገምትም፣ አያባብልም፣ አይቈጣምም። በጸሐፊው ፈንታ አያስብም። እኔም ከዚህ የተነሣ ከመጻፌ በፊት ምን ለማለት እንደምፈልግ በወረቀት ላይ ማስተካከል ለመድሁ።

የክረምት ነገር ደግሞ የታወቀ ነው፤ መብራት ይጠፋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ኮምፓይለሩም፣ ጽሑፉም፣ ትርጕሙም ከማስታወሻው ባንድነት ይጠፋሉ። ስለዚህ በየሃያ መሥመሩ ሥራዬን ወደ ካሴት እቀዳ ነበር። የአጎቴ ካሴት ግን ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ስለ ሆነ ጥብጣቡ እንዳይበጠስ ሠጋሁና ድምፁን በስልክ ቀዳሁት። ከዚያ ወዲህ ስልኬ የካሴት ማጫወቻውን ተክቶ ኮምፓይለሩን ለስፔክትረም ያሰማለት ጀመር። አዲሱ አሮጌውን ሲያገለግል ማየት ደስ ያሰኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የመጨረሻው ትእዛዝ ነው። እኅቴ ኮምፓይለሩን ማስገባትና ጽሑፉን ማስተርጐም አትችልም፤ እናቴም ለዚህ ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። ለዚህም «ቲ» የሚባል ትእዛዝ አለ። ኮምፓይለሩ ጽሑፉን ከተረጐመ በኋላ ይሁን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ይሁን ከተባለ የተተረጐመው ፕሮግራም ኮምፓይለሩ ወደ ነበረበት ስፍራ ይዛወራል፤ ኮምፓይለሩም በዚያው ይደመሰሳል። ከዚያ ፕሮግራሙ ከሚያስፈልጉት ረዳት ክፍሎች ጋራ ወደ ካሴት ይቀዳል። በዚያ ጠባብ ማስታወሻ ውስጥ ተማሪው እንዲቆም መምህሩ ወንበሩን ይለቅለታል።

ይህን ያደረግሁት በቡሄ ማግስት ማታ ነው። ጽሑፌን አስቀድሜ በሦስት ካሴት ቀዳሁ። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርድ ነበር፤ አንድ ጊዜም አምፖሉ ደንገዝገዝ አለ። ካሴቱ መዞሩን እስኪጨርስ ድረስ አልተነሣሁም። ከዚያ ስፔክትረሙን አጥፍቼ እንደ ገና ከፈትሁትና አዲሱን ካሴት ብቻ፣ ቀጥሎም የፊደሉን ሠንጠረዥ አስገባሁ። በቴሌቪዥኑ ላይ «ሙ» በቢጫ ቀለም ወጣ። ኮምፓይለሩ በማስታወሻው ውስጥ አልነበረም፤ ሥራው ግን ቆሞ ነበር።

እኅቴ በመጀመሪያው ቀን ከታዩአት ፊደላት ብዙዎቹን አላወቀችም፤ ነገር ግን በዜማ ልታመልጥ አልቻለችም። በየማታው ግማሽ ሰዓት ያህል እየተቀመጠች «ወንድም ጋሼ፤ ደግሞ አንድ» ትለኝ ነበር። ጳጉሜን በገባ ጊዜ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉን ትለይ ነበር። «ጠ»ና «ጨ» ብቻ አስቸገሯት፤ ስምንት መሥመር ለእነዚህ ፊደላት ስለ ጠበባቸው እናቴ በወረቀት ላይ እየጻፉ ለዩላት። በዘመን መለወጫ ዋዜማ አባቴ ራሳቸው ቁልፉን እየነኩ ጠየቋት። ሲጨርሱ ስለ ኮምፒዩተሩ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ከበዓሉ በኋላ ግን መዶሻና ሚስማር ይዘው መጡና ከቴሌቪዥኑ በታች መደርደሪያ ሠሩለት።

ዛሬ ፊደላችን በዓለም ኮምፒዩተሮች ዘንድ የታወቀ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ በስልካችን «ቡ» ብለን ስንጽፍ 66ንና 67ን ማሰብ አያስፈልገንም። ይሁን እንጂ ከምንነካው ፊደል ሁሉ በስተ ጀርባ ካሬ የሞላ ሰው፣ ከምንከፍተው ፕሮግራምም በስተ ጀርባ ሠርቶ ስፍራውን የለቀቀ ተርጓሚ አለ። ይህን ያወቀ ሰው በተሰጠው ዕቃ ከመገልገል አልፎ የጐደለውን ራሱ ለመሥራት ይደፍራል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ዐቅም የሚያንሰን ሲመስለን 48 ኪሎ ባይትን እናስብ። ከእናንተም መካከል በፓስካል መጻፍ የሚወድ ቢኖር ካሴቱም ሆነ የፊደሉ ሠንጠረዥ ከእኔ ዘንድ ይገኛል፤ «ጠ»ንና «ጨ»ን አጥርቶ የሚሥልልኝም ሰው እፈልጋለሁ።