ግንብ የሌላት ታሪካዊት ከተማ

ታሪካዊ ከተማ ሲባል ለብዙዎቻችን ፈጥና የምትታሰበን ጎንደር ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ከተማ ግንቧ ይታያል፤ ጥምቀቷም ይናፈቃል። ሐረርም ጀጎል አላት። ታዲያ ግንብም ቅጥርም የሌለው ከተማ ታሪክ የለውም ማለት ነውን? ይህን ጥያቄ ይዘን ነበር ጥቂት ተማሪዎች በዕረፍታችን ወደ ጋምቤላ የወረድነው።

«ወረድን» ማለታችን በከንቱ አይደለም። ከጎሬ ደጋ ተነሥተን ቡሬን ካለፍን በኋላ መጀመሪያ ካፖርቱ ወለቀ፤ ቀጥሎ ሹራቡ፤ በመጨረሻም ጨዋታው ቆመ። ሙቀት ምላስ ያስራል። ከዚያ በኋላ ባሮን አየነው።

የጋምቤላ በር ይህ ወንዝ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ዳግማዊ ምኒልክ በባሮ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበር። ቡናው ከደጋ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ይጫንና በሶባትና በነጭ ዓባይ በኩል ካርቱም ይገባ ነበር። መርከብ የሚመጣው ግን ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነው። ደገኛው ክረምት ገባ ብሎ በሩን ሲዘጋ፣ ጋምቤላ በሯን ትከፍት ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ምክንያት አበቃ።

ውሉ ሜትሩንና ሄክታሩን ሲቆጥር በመሬቱ ላይ የሚኖረውን አኙዋክን በስም አላነሣም። ባሮን፣ ፒቦርንና አኮቦን ወሰን ባደረገ ጊዜም አኙዋክና ኑዌር በሁለት መንግሥት ሥር ተከፈሉ። ለዓሣ አጥማጁና ለከብት አርቢው መገናኛ የነበረው ወንዝ በካርታ ላይ አጥር ሆነ።

ቤተ መንግሥትስ? በአኙዋክ መሳፍንት ዘንድ የንግሥና ምልክቱ ከአባቶች የወረደ የዶቃ ሐብል ነው። ለዚያ ሐብል ሲባል ብዙ ተፎካክረዋል፤ ተዋግተዋልም። በአንገት የሚጠለቅ መንግሥት ለፎቶግራፍ እንደ ግንብ አይመችም እንጂ፣ ታሪክነቱ ከግንብ አያንስም።

ክብረ በዓልም አይታለች። ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ዐሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የተከበረው በጋምቤላ ነው። እንግዳው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ጨፈረ፤ ተመለሰ። መጨፈሩስ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ በጭፈራው ብቻ ከታወቀ ታወቀ አይባልም።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ግንብ ዝናብና ፀሐይ ችሎ ይጠብቀናል። የዚያን ዘመን መርከብ በልጅነቱ ያየ ሽማግሌ ግን ዛሬ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ እርሱ አይጠብቀንም። የጋምቤላ ልጆች የሆናችሁ የትምህርት ጓደኞቻችን በአኙዋክኛና በኑዌርኛ ጠይቁ፤ እኛም ደብተር ይዘን ከጎናችሁ እንቀመጥ። የሚቀጥለው ዕረፍት ሩቅ አይደለም።