ለልጄ ብዬ የገዛሁት ጣፋጭ



ወደ እስራኤል መጥተን በመርከዝ ክሊታ ሳለን የልጄ ጉንጭ ሞላ ሲል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ባደግሁበት የጎንደር ገጠር የልጅ መክሳት የረሃብ ወይም የበሽታ ምልክት ነበርና፣ ልጅ ሲወፍር «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጠገበ» እንል ነበር። ስለዚህ ነጭ ዳቦ በቸኮላት ቀብቶ ሲበላና ኮላ ሲጠጣ ከልክዬው አላውቅም።

12 ዓመት ሲሞላው ደሙ ተመረመረ። ሐኪሟ ስኳሩ ከፍ ማለት እንደ ጀመረ፣ ገና በሽታ እንዳልሆነና ሊመለስ እንደሚችል በአስተርጓሚ ነገረችኝ። «በቤተሰባችን የስኳር በሽተኛ የለም» አልኳት። እርሷም አስረዳችኝ፦ ዳቦም፣ ሩዝም፣ እንጀራም፣ ጣፋጭም በሆድ ውስጥ ስኳር ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ኢንሱሊን የሚባለው ሆርሞን ስኳሩን ከደም ወደ ጡንቻ ያስገባል። ልጅ ሲሮጥ ጡንቻው ያቃጥለዋል፤ ተቀምጦ ሲውል ግን የተረፈው ስብ ሆኖ በጉበትና በሆድ ይከማቻል፣ ኢንሱሊኑም እያደር መሥራት ይሳነዋል።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እኛም በልጅነታችን እንጀራ እንበላ ነበር፤ ነገር ግን ውኃ ስንቀዳ፣ ከብት ስንጠብቅ፣ ዳገት ስንወጣ ነበር የምንውለው። ጤፉም ከነቅርፊቱ የተፈጨ ነው። የእኔ ልጅ ግን በአውቶቡስ ሄዶ፣ ወንበር ላይ ውሎ፣ ማታ ስልኩ ላይ ያፈጣል።

ልጄን አላስራብኩትም። በኮላው ፈንታ ውኃ አደረግሁ፤ አንዱ የ330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ 35 ግራም ያህል፣ ማለት 9 የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር አለበትና። «ጓደኞቼ ይጠጣሉ» ብሎ ሲያኮርፍ፣ እኔም በሻዬ የምጨምረውን ስኳር ተውኩ። ለትምህርት ቤት ያልተነፋ ዱቄት ዳቦ ከእንቁላልና ከኪያር ጋር እቋጥርለታለሁ፤ ማታ እንጀራ በምስር ወጥ ይበላል። የሰንበት ዳቦአችንን አልነካሁም። ሱቅ ስገባ ክቡን ቀይ ምልክት አያለሁ፤ ከ2020 ጀምሮ ስኳር በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ስለሚታተም፣ ዕብራይስጥ ላላወቀም ይረዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ልጄም ከትምህርት ቤት በእግሩ ይመለሳል፣ ኳስም ይጫወታል።

ከስድስት ወር በኋላ ምርመራው ሲደገም ስኳሩ ወርዶ ተገኘ። ወገኖቼ፣ እኔ ልጄን የጎዳሁት በፍቅር ነበር። እናንተም ልጃችሁ ሲወፍር «ጠገበ» ብላችሁ አትለፉት፤ በኩፓት ሆሊማችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ሰላም ለሁላችን ይሁን።