ስለ ሕንዶች ባሕረ ሐሳብ

የሂንዱ እምነት ተከታይ ልጁን ለመዳር፣ የቤት መሠረት ለመጣል ወይም ሩቅ መንገድ ለመሄድ ሲያስብ፣ ዕለቱ ስንተኛው እንደ ሆነ ከማወቁ ይልቅ ምን ጠባይ እንዳለው ለመመርመር ፓንቻንግ የተባለውን የዘመን መጽሐፍ ይገልጣል። መጽሐፉም የሳምንቱን ቀን፣ ቲቲ የሚሉትን የጨረቃ ዕለት፣ ጨረቃ ከ27ቱ የሰማይ ማደሪያዎች በየትኛው እንዳደረች፣ ደግሞም ዮጋና ካራና የሚባሉትን ሁለት ስሌቶች ይነግረዋል፤ ከሁሉም ልብን የሚይዘው ግን ቲቲ ነው።

ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቍጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል፤ በ30 ቲቲም ወሩ ይሞላል። ነገር ግን ጨረቃ ወደ ምድር ስትቀርብ ፈጥና፣ ስትርቅ ዘግይታ የምትሄድ ስለ ሆነች፣ አንዱ በ20 ሰዓት ገደማ ሲያልቅ ሌላው እስከ 26 ሰዓት ይዘልቃል። ዕለቲቱ ስሟን የምትወስደው ፀሐይ በምትወጣበት ቅጽበት ከነገሠው ቲቲ በመሆኑም፣ ከሠርቀ ፀሐይ በኋላ ተወልዶ ከማግሥቱ ሠርቀ ፀሐይ በፊት የሚያልፈው ዕለት ሳይሰየምለት ይቀራል፤ ሁለት ማለዳ የነገሠው ግን ሁለት ዕለት ይወርሳል። ስለዚህ ከዘጠነኛው ቀጥሎ ዐሥራ አንደኛው ቢመጣ የጸሐፊ ስሕተት አይደለም።

የኛ የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ይህን ቢያነብ ባዕድ አገር የገባ አይመስለውም፤ እርሱ ዕለትን በ60 ኬክሮስ እንደሚከፍል ሕንዳዊውም በ60 ጋቲ ይከፍላልና። የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ገደማ መጕደሉን የኛው ሊቅ በአበቅቴ ሲይዘው፣ ሕንዳዊው ጕድለቱ እስኪጠራቀም ጠብቆ በ32 ወር ከመንፈቅ ገደማ አንድ ትርፍ ወር ይጨምራል። ነገር ግን የኛ አባቶች ሒሳቡን በማይናወጥ ዐውደ ዓመት ስላሰሩት በቃል ይሰላል፤ የሕንዶቹ ከፀሐይ መውጫ ጋር የተጣበቀ ስለ ሆነ ለየከተማው ልዩ ልዩ ነው።

ፀሐይንና ጨረቃን ይውጣል በተባለው በራሁ ስም ስለሚጠራው ሰዓት ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። የቀኑ ብርሃን በስምንት ተከፍሎ፣ አንዱ ክፍል አዲስ ሥራ የማይጀመርበት ክፉ ሰዓት ይሆናል፤ የሰኞው ሁለተኛው፣ የእሑዱ የመጨረሻው ነው። ፀሐይ በ12 ሰዓት ወጥታ በ12 በምትጠልቅበት አገር የሰኞው ከጥዋቱ 1፡30 እስከ 3 ሰዓት ይውላል፤ ለንደን ለሚኖር ሕንዳዊ ግን በታኅሣሥ አንድ ሰዓት፣ በሰኔ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፍርሃት ከብርሃን ጋር ሲረዝምና ሲያጥር ማየት ፈገግ ያሰኛል፤ ስሌቱን አደንቃለሁ፣ ፍርሃቱን አልጋራም፤ እርግጥ ገደ ቢስ ቀን የምንቈጥር እኛ በሌላው ላይ ለመፍረድ ምን አፍ አለን!

ሕንድ ነጻ ከወጣች በኋላ ሠላሳ የሚያህል አቈጣጠር በየክፍለ አገሩ ይሠራበት ስለ ነበር፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 በፊዚክስ ሊቁ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ ጉባኤ አቋቋመ፤ ማርች 22 ቀን 1957ም አንድ ብሔራዊ አቈጣጠር ሥራ ላይ ዋለ። በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ይታተማል፤ ሕዝቡ ግን ዲዋሊ የተባለውን በዓል የሚያከብረው ዛሬም በቲቲ ነው፤ መንግሥቱም ራሱ በየዓመቱ ፓንቻንግ ያሳትምለታል።