የራስ ምታቱን ሰበብ ስንፈልግ



ጋምቤላ ውስጥ «ራሴን አመመኝ» ያለ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ «ወባ ናት» ይባላል። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ባሮ ዳር ያለችው ከተማችን ቆላ ናት፤ ወባም የቆላ ጎረቤት ናት። እኛም ለማስተማር ከደጋ ወርደን እዚህ ከኖርን ጀምሮ ወባ አንቀጥቅጣን፣ ተመርምረን፣ መድኃኒቷን ወስደን ድነናል። ችግሩ የመጣው ራስ ምታት ሁሉ ወባ መስሎ ሲታየን ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ራሳችንን ደጋግሞ ያመን ጀመር። ሦስት ጊዜ ደም ሰጥተን ተመረመርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ወባ አልተገኘም። ሌላ ሰበብ መፈለግ ሲገባን ከሱቅ ፓራሲታሞል ወደ መግዛት ሄድን። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፤ ከዚያ ቀን እያሳለፍን ሆነ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ጧት ትምህርት ቤት ስንሄድ አንድ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ሕፃናትን ቁርኣን ልናስቀራ ስንቀመጥ ሌላ የምንውጥባቸው ቀኖች በዙ። በክፍል ውስጥ ወንበር በተንኳኳ ቁጥር የምንቆጣ መምህር ሆንን።

አንድ ቀን ልናስቀራ ስንቀመጥ የሰባት ዓመት ልጃችን ብርጭቆ ውሃ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ኪኒንህን አልዋጥክም እኮ!» አለችን። የዚያን ዕለት ራሳችንን አላመመንም ነበር። ልጃችን ግን ኪኒኑን የትምህርቱ መክፈቻ አድርጋ ይዛዋለች። በጣም አፈርን።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያው የደም ግፊታችንን ለካ፤ ዓይናችንን በፊደል ሰሌዳ ፈተነ፤ ለወባም ደም ወሰደ። ምንም አልተገኘም። ከዚያም፣ «መምህር፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን አመመዎት? ስንት ቀንስ ማስታገሻ ወሰዱ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አጣን። የስልሳ ተማሪ ውጤት የምንመዘግብ ሰዎች የራሳችንን ሕመም አልቆጠርንም ነበር።

ለአንድ ወር እንድንመዘግብ አዘዘን። በደብተር ላይ እንደ ስም መጥሪያ ሰንጠረዥ አሰመርንና የታመምንበትን ሰዓት፣ እንቅልፉን፣ ቁርሱን፣ ውሃውን፣ ቡናውንና ኪኒኑን ጻፍን። ወሩ ሲያልቅ 22 ቀን ታመን፣ 20 ቀን ኪኒን ውጠን ተገኘን። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመን ገና ከእንቅልፍ ስንነሣ ነበር።

ባለሙያው ደብተሩን አይቶ እንዲህ ሲል አስረዳን። ራሱን የሚያመው ሰው እንደ ፓራሲታሞል ያለውን ማስታገሻ በወር 15 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ከሦስት ወር በላይ ከወሰደ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታትን ሊያመጣ ይችላል። የተቀላቀሉ ማስታገሻዎች ከሆኑ ደግሞ በወር 10 ቀን ይበቃል። መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ ሕመሙ ይመለሳል፤ ሰውየውም እንደገና ይውጣል። ደብተሩ የመነሻውንም ሰበብ አሳየን፤ ብዙ ጊዜ ቁርስ ሳንበላ፣ ውሃ ሳንጠጣ እስከ ቀትር በሙቀት እናስተምር ነበር። ጥማቱ ሕመሙን ጀመረው፤ ኪኒኑ አከረመው።

በባለሙያው ምክር ኪኒኑን አቆምን። የልጆቻችን እናት የተረፈውን ከቤት አወጣችው። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ሕመሙ ባሰ፤ እንቅልፍ ጠፋ። በዐሥረኛው ቀን ግን ለሱብሒ ስንነሣ ራሳችን ቀልሎን አገኘነው። አልሐምዱ ሊላህ!

የ1445 ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የገባው በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ የጋምቤላ ሙቀት በሚያይልበት ወቅት ነበርና ፈራን። ቡናን በድንገት መተውም ራስን ያሳምማልና አስቀድመን ከሦስት ስኒ ወደ አንድ ቀነስን። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃ ደጋግመን ጠጣን። በወሩ ውስጥ ያመመን ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች፣ ትኩሳት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ለወባ ተመርመሩ። በድንገት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ መዘባረቅ፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ ወይም ራስ ከተመታ በኋላ የመጣ ሕመም ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ደጋግሞ የሚመላለስ ከሆነ ግን ቁጠሩት፤ ጻፉት፤ ጽሑፉንም ለባለሙያ አሳዩ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት ካለ ሳትጠይቁ አታቋርጡ።

በመድረሳ «ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭም» ተብለን ተምረናል። እኛ ኪኒን መዋጡን ሰበብ ማድረስ አድርገነው ኖረናል። ለካስ ሰበብ ማድረስ ማለት አስቀድሞ የሕመሙን ሰበብ መፈለግም ነው።

ልጃችን ዛሬም ልናስቀራ ስንቀመጥ ውሃ ታመጣልናለች። ኪኒኑን ግን ረስታዋለች።

ወላሁ አዕለም።