ባህር ያማራችሁ ወደ ተፍኪ!

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጭር ያለ፣ ጠጠር የለበሰ የባህር ዳርቻ፣ ሁለት ሰው ብቻ፣ የማዕበል ድምፅ... ይህን በፊልም አይቶ ያልተመኘ ወጣት ማነው? ችግሩ ሜዲትራኒያን ቪዛ ይጠይቃል። እኛም ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የራሳችን ባህር የለንም። ታዲያ ቁጭ ብለን እንቆዝም? ምን በወጣን!

ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከሰበታ ደግሞ በጅማ መንገድ ተፍኪ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ክረምት ላይ አዋሽ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ዓይን እስኪደክም ውሃ ነው። ጠጠር ግን አትፈልጉ፤ ዳርቻው ጫማ የሚያስቀር ጥቁር መረሬ ነው። አዋሽም እንደኛው ባህር አልታደለም፤ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

እኔ የሄድኩት ጥቅምት ላይ፣ በማለዳ ነው። ወርቃማ ዘውድ የደፉ ባለረጅም እግር ወፎች፣ ነጫጭ ሽመላዎች... ምን አለፋችሁ! ከአውሮፓ የሚመጣው ነጭ ሽመላ ደግሞ ጉደኛ ነው። ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ተንሳፎ ስለሚጓዝ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ አይመጣም፤ በቱርክና በሲና በኩል ይዞረዋል። እኛ የምንመኘውን ባህር ሸሽቶ፣ እኛ በአውቶቡስ መስኮት አይተን የምናልፈው ሜዳ ላይ ያርፋል!

ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አግኝቼ «አባቴ፣ ውሃው እንዴት ያምራል!» አልኳቸው። ፈገግ ብለው በዱላቸው ጠቆሙኝ። ለካ ከውሃው ስር ማሳ አለ። ጎርፉ ሲበዛ ሰብል ይበላል፤ ሲሸሽ ደግሞ በተወው እርጥበት ሽምብራ ይዘራበታል። ለእኛ ሽርሽር የሆነው ለእሳቸው የዓመት ቀለብ ነው።

ስለዚህ ፍቅረኞችም ጓደኛሞችም ስሙኝ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ስትደርሱ «አካም ጂርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፣ በየት መሄድ እንደሚቻልም ጠይቁ። ማሳ አትርገጡ። ስፒከራችሁን ቤት ተዉት፣ የውሃ ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ወፉ ከተነሳ፣ ገበሬው ከተቀየመ ቦታው ለማንም አይሆንም።

ደግሞም ፍጠኑ፤ ይህ ባህር በጋን አይሻገርም። ካመለጣችሁም አትዘኑ፣ በቦታው የሽምብራ እሸት ይጠብቃችኋል።