በሽታውን የደበቀ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ቃል የተነገረው ስለ ሰው ገላ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን በየአልጋችን ራስጌ ተከፍቶ ስለሚያድረው ኮምፒውተርም የተነገረ ይመስለኛል። እንዲያውም የኮምፒውተሩ ነገር ከተረቱ አንድ እርምጃ ይርቃል። ተረቱ የሚያስበው ለበሽተኛው ብቻ ነው፤ የኮምፒውተሩን ሕመም የደበቀ ሰው ግን ጓደኛውን፣ ቤተ ዘመዱንና ጽሑፍ የሚያትምለትን ሰው ሁሉ አብሮ ይጎዳል። ወንድሞቼና እህቶቼ ተማሪዎች፣ በዚህች ጽሑፍ ላመለክት የምፈልገው ስለ ዕውቀት ማነስ አይደለም። ዕውቀቱ በመጠኑም ቢሆን አለን። የጎደለን «ታምሜ ይሆናል» ብሎ በጊዜ የመናገር ልማድ ነው።

ድሬዳዋ ለምንኖር ሰዎች ይህ ልማድ እንግዳ ሊሆንብን ባልተገባ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የተባለው ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉኒያ የተባለው መገጣጠሚያን የሚቆራርጥ ሕመም ወደ ከተማችን ገብተው ብዙ ሰው አልጋ ላይ ጥለዋል። ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው ትንኝ ረግረግ ፍለጋ አትሄድም፤ ውሃ ይጠፋል ብለን በየቤታችን በምናጠራቅምበት በርሜልና ጀሪካን ትራባለች። ስለዚህ አንድ ሰው በርሜሉን ሳይከድን ቢተው ትንኟን የግቢ አጥር አያግዳትም፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ትሻገራለች። እንዲህ ባለ ጊዜ «እኔን አሞኛል፤ እናንተም በርሜላችሁን እዩ» የሚል ጎረቤት ይመሰገናል እንጂ አይታፈርበትም። ታዲያ ለበርሜሉ ያላፈርነውን ለኮምፒውተሩ የምናፍረው ስለ ምንድን ነው?

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአንድ ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ነገር ነው። ታሪኩን የምጽፈው በፈቃዱ ነው፤ ስሙን ግን አላነሣም። ልጁ የወሎ ተወላጅ ሲሆን የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር። ለመመረቂያ ጽሑፉ መጠይቅ በትኖ ከሰበሰበ በኋላ ቁጥሩን የሚያሰላበት የስታቲስቲክስ ፕሮግራም አስፈለገው። የፕሮግራሙ ዋጋ በዶላር ነው፤ ገንዘቡ እንኳ ቢገኝ ለውጭ አገር የሚከፈልበት ካርድ በተማሪ እጅ የለም። ስለዚህ ብዙ ተማሪ እንደሚያደርገው በቴሌግራም ፈልጎ «ክራክ» የሚባለውን፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚታደለውን አወረደ። ፋይሉ ታሽጎ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ነበር። ከጎኑ የተጻፈው መመሪያ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ልጁም አጠፋና ከፈተው። አንድ ጥቁር መስኮት ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ተሰወረ፤ የተፈለገው ፕሮግራም ግን ሳይጫን ቀረ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቁም። እንዲህ ያለው ፋይል በይለፍ ቃል የሚቆለፈው ለእኛ ደኅንነት ታስቦ አይደለም፤ አንቲቫይረሱ ውስጡን ገልጦ እንዳያይ ነው። «አንቲቫይረሱን አጥፋ» መባሉም «ዘበኛውን አሰናብተህ በሩን ክፈትልኝ» እንደ ማለት ነው። በአሸዋ ገበያ ሬዲዮ የሚገዛ የድሬዳዋ ሰው ባትሪ አስገብቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ ጀርባውን ገልብጦ ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም። «ሬዲዮውን ከመውሰድህ በፊት ዐይንህን ጨፍን» የሚል ነጋዴ ቢገጥመው ጥሎት ይሄዳል። ያው ሰው «ነፃ» የሚል ቃል ሲያይ ግን ዐይኑን በፈቃዱ ይጨፍናል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ ያሠቃያል። ወሩ ግንቦት ነበር። በድሬዳዋ የግንቦት ሙቀት የማንም ኮምፒውተር ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ታዲያ የእርሱ መጮኹ ከሙቀቱ ነው ወይስ ከበሽታው? መንቀርፈፉስ ከእርጅና ነው ወይስ በውስጡ የማይታይ ነገር ስለሚሠራ? ይሁን እንጂ አንድ ምልክት በሙቀት የሚመካኝ አልነበረም። ያጠፋውን አንቲቫይረስ መልሶ ሲያበራው ተመልሶ በራሱ ይጠፋ ነበር። ማታ ይህን አሳየኝና «ለማንም እንዳትናገር፣ አደራ» አለኝ። እኔም «ለእኔ የነገርከኝን፣ ፍላሽህን ለሰካህበት ሰው ሁሉ ዛሬውኑ ንገር» አልሁት። እንቢ አለ።

እንቢታው ከክፋት የመጣ አልነበረም። መምህሩ «በተሰረቀ ፕሮግራም ልትሠራ ነበር» እንዳይለው ፈራ። አብረውት የሚሠሩት ልጆች «ሥራችንን አበላሸህ» እንዳይሉት ፈራ። ከሁሉም በላይ የፈራው ግን ታላቅ እህቱን ነው። ኮምፒውተሩን የገዛችለት እርስዋ ናት፤ የገዛችውም ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። «አበላሸሁት ብዬ በምን አፌ እነግራታለሁ?» ይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለእህቱ በእርሱ ስም በቴሌግራም መልእክት ደረሳት። «እህቴ፣ አስቸኳይ ችግር ገጥሞኛል፤ በዚህ ቁጥር ገንዘብ ላኪልኝ፤ ነገ እመልሳለሁ» ይላል። ልትልክ ተነሥታ ነበር። ነገር ግን ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ «እታለም» እንጂ «እህቴ» ብሎ ጠርቷት አያውቅም። ይህ ነገር ከነከናትና ደወለችለት። ለካ ልጁ በኮምፒውተሩ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ ይጠቀም ስለነበረ ሌባው ፕሮግራም የገባበትን ፈቃድ እንዳለ ገልብጦ ወስዶት ኖሯል። እንዲህ ያለው ሌባ የይለፍ ቃል መጠየቅ አያስፈልገውም፤ በተከፈተው በር ይገባል። እውነቱን በነገራት ጊዜ የመለሰችለት ይህን ነው፤ «ዕቃ ነው፣ ይተካል። አንተ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ዝም ትላለህ?» የፈራው ቁጣ አልመጣም። የመጣው ወቀሳ ስለ ዝምታው ነበር።

በማግስቱ ጽሑፍ ወደምታትምልን ሴት ሱቅ አብረን ሄድን። ነገሩን በነገራት ጊዜ «አቦ! ለምን ያን ለት አልነገርከኝም?» አለችና ሁለቱንም ኮምፒውተሮችዋን መረመረች። የእርሱ በሽታ እዚያ አልተገኘም። ነገር ግን በአንደኛው ላይ በተለምዶ «ሾርትከት ቫይረስ» የምንለው፣ የፍላሹን ፎልደሮች ደብቆ በስማቸው ሐሰተኛ አቋራጭ የሚያስቀምጠው ተገኘ። ያመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ ከቶ አይታወቅም። የምናውቀው ዝም ማለቱን ብቻ ነው። ከዚያች ጠረጴዛ ስንት ፍላሽ በሽታውን ተሸክሞ ወደየመኝታ ክፍሉ እንደሄደ ማን ይቆጥረዋል?

እንግዲህ ጥርጣሬ የገባው ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት ያላቅቅ፤ ፍላሽም አይሰካበት። ሁለተኛ፣ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ምንም ዓይነት የይለፍ ቃል አይጻፍ። የይለፍ ቃሎቹን በሌላ ጤነኛ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በስልክ፣ ይለውጥ፤ ሲለውጥም ከኢሜይሉ ይጀምር፤ ከሌሎቹ መለያዎች ብዙዎቹ ሲጠፉ የሚመለሱት በኢሜይል በኩል ነውና። በቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ ከያዘው ስልክ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ያስወጣ፤ ሁለተኛ የይለፍ ቃልም ያክልበት። ሦስተኛ፣ በዊንዶውስ ላይ ያለው ዲፌንደር «ኦፍላይን» የሚባል ምርመራ አለው። ይህ ምርመራ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሣና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል፤ በሽታው ተነሥቶ ራሱን ከመደበቁ በፊት ማለት ነው። የሚፈጀውም ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬው ካልለቀቀው ጽሑፎቹንና ፎቶግራፎቹን ብቻ አውጥቶ፣ አንድም ፕሮግራም ሳያስከትል፣ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ይጫን። ጓደኛዬም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው። መጠይቁ በወረቀት ስለነበረ ሥራው ቢዘገይም አልጠፋም።

አራተኛውና እኔ የመጀመሪያ የምለው ግን መናገር ነው። ባለፉት ቀናት ፍላሹን የሰካበትን፣ ፋይል የላከለትን፣ በስሙ መልእክት ሊደርሰው የሚችለውን ሰው ሁሉ ይንገር። ሕመሙ እርግጠኛ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ጥርጣሬው ይበቃል።

ይህ የመናገር ጥቅም በእኛ ግቢ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 ለአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች የመጀመሪያ የሚባለውን «ብሬይን» የተሰኘ ቫይረስ የሠሩት በፓኪስታን በላሆር ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ምክንያታቸውም የሠሩት የሕክምና ፕሮግራም ያለ ፈቃድ እንዳይገለበጥ ነው ብለዋል። በቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ጽፈው ነበር። የዛሬዎቹ ግን ስም የላቸውም፤ ኃይላቸው መደበቃቸው ነው። እኛም ስንደብቅላቸው ሥራቸውን እናግዛቸዋለን።

ወደ ወገኖቻችን የቀረበ ምሳሌም አለ። በ2008 እና በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ለሚኖሩ የመንግሥት ተቃዋሚ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ማስፈንጠሪያ በኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ቪዲዮውን ለማየት አዶቢ ፍላሽ የተባለውን ማሳያ እንዲያድሱ ይጠየቃሉ። እድሳት የተባለው ነገር ግን ሳይበርቢት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ የተሠራ የስለላ ፕሮግራም ነበር። አንድ ተቀባይ መልእክቱን ተጠራጠረና ዝም ከማለት ይልቅ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ለተባለው የምርመራ ማዕከል ላከው። መርማሪዎቹም ክሩን ተከትለው በ20 አገሮች የተያዙ ኮምፒውተሮች እንዳሉ፣ የሚያዝዙትም ሰዎች ከኢትዮጵያ ሆነው እንደሚገናኙ ደረሱበት፤ በኅዳር 2010 ዓ.ም.ም ለዓለም ገለጹ። ይህ ሁሉ ሊታወቅ የቻለው የተጠራጠረ ሰው ጥርጣሬውን ስለ ተናገረ ነው።

አንዳንድ አንባቢ «መናገር ያስጠይቃል» ይል ይሆናል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያነጣጥረው ጎጂነቱን እያወቀ ጎጂ ፕሮግራም በሚያሰራጭ ሰው ላይ ነው። ተታልሎ የታመመ ሰው ተበዳይ ነው። ነገር ግን በሽታ መኖሩን ከጠረጠረ በኋላ ፍላሹን ዝም ብሎ ለወንድሙ የሚያቀብል ሰው፣ ሕግ ባይጠይቀው እንኳ ኅሊና ይጠይቀዋል።

የድህነታችንንም ነገር ልዝለለው አልፈልግም። ተማሪ ክራክ የሚፈልገው ሌብነት ስለሚወድ አይደለም፤ ሥራው ይጠየቃል፣ መሣሪያው ግን አይሰጠውም። ሆኖም በሕጋዊ መንገድ በነፃ የሚገኙ መሣሪያዎች አሉ። ለስታቲስቲክስ አር፣ ጃስፕና ፒኤስፒፒ፣ ለጽሑፍ ሥራም ሊብሬኦፊስ የሚባሉት ዘበኛ አሰናብቱ ሳይሉ ይሠራሉ። መምህራኖቻችን እነዚህን ቢያስተምሩን ግማሹ ችግር ከምንጩ ይደርቃል።

የቀረው ግማሽ የእኛ የተማሪዎች ነው። ማኅበራችን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከኢንተርኔት የተለየች አንዲት ንጹሕ ኮምፒውተር ለፍላሽ መመርመሪያ ያስቀምጥ። በላይዋም «የመጣ አይጠየቅም፣ አይወቀስም» ተብሎ ይጻፍ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ያረጀች ኮምፒውተርም ትበቃለች። ሰው ሳያፍር የሚመጣበት ስፍራ ከተገኘ በሽታው የሚደበቅበት ስፍራ ያጣል። ድሬዳዋ በግልጽነትዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ ይህን ጠባይ ከመንገድዋ ወደ መኝታ ክፍላችን ማስገባት አያቅተንም ብዬ አምናለሁ።